ይህ ዓይን ለሌዘር ይሆናል ወይ? የዓይን ሌዘር ቀዶ ሕክምና ተስማሚነት እንዴት ይመዘናል

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዕይታ ኦፕቲክስን ማስተማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ በየዓመቱ፣ ስለ ኮርኒያ በምናወሳበት ሳምንት፣ ከክፍሉ ኋላ አንድ እጅ ይወጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ሌዘሩ ይህን ያህል አስተማማኝ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ለምን መነጽር ያደርጋሉ?» ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም፤ ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝም እርሱ ነው። መልሱን በንግግሬ መካከል እሰጣችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ጥቂት ሒሳብ መሥራት ይኖርብናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

የኮርኒያን ቅርጽ በመለወጥ ዕይታን ማረም ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከሌዘር ይቀድማል። ሆሴ ባራኬር የተባሉ ሐኪም በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የኮርኒያን ስስ ንጣፍ ቆርጠው በማንሣት፣ ቅርጹን አስተካክለው መልሰው የማስቀመጥን ጥበብ ሠርተዋል። የጎደላቸው በቂ ስስነት ያለው ቢላዋ ነበር። ያ «ቢላዋ» የተገኘው ከሕክምና ቤት ውጭ ነው። በ1981 በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን ከበዓል ገበታ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ወደ ቤተ ሙከራ ይዘው ሄዱና የኤክሳይመር ሌዘር ጨረር አሳረፉበት። ከባልደረቦቻቸው ከጄምስ ዊን እና ከሳሙኤል ብለም ጋር ሆነው ያዩት ነገር አስደናቂ ነበር፤ 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ይህ ጨረር ዙሪያውን ሳያቃጥል ሕብረ ሕዋሱን ብቻ ንጹህ አድርጎ አነሣው። ዛሬ አንድ የጨረር ምት ከኮርኒያ የሚያነሣው ውፍረት የማይክሮን ሩብ ያህል ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን አስታውሱ።

እንግዲህ መሣሪያውን የማነሣው ልክፋው ብዬ አይደለም። መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ይፈጽማል። ነገር ግን የሚያውቀው የሒሳብ ስሌት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መቀነስ ነው። የቀነሰውን አይመልስም። ስለዚህ «ሌዘሩ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምደንም። የሚያራምደን ጥያቄ፣ ይህ ዓይን ሊቀነስለት የሚችል ትርፍ አለው ወይ፣ ተቀንሶ የሚቀረውስ ዕድሜ ልክ ይጸናል ወይ የሚለው ነው።

ኮርኒያ በዓይናችን ፊት ለፊት የሚገኘው ግልጽ ጉልላት ነው። ዓይን በጠቅላላው 60 ዳዮፕተር ያህል ብርሃን የማጠፍ ኃይል ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 43 ያህሉ የኮርኒያ ድርሻ ነው። የመሃሉ ውፍረት በአማካይ ወደ 540 ማይክሮን ይጠጋል። ከላይ 50 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው ኤፒቴሊየም ይሸፍነዋል፤ ይህ ሽፋን ቢነሣ በቀናት ውስጥ ይተካል። ከሥሩ ያለው ስትሮማ ግን በኮላጅን ክሮች የተሸመነ ሲሆን የኮርኒያ ጥንካሬ ያለው እዚያ ነው፤ ከተነሣ አይተካም። ሩቅ ማየት ለሚቸግረው ሰው ሌዘሩ የጉልላቱን አናት ያሳጥፋል፤ ቅርብ ማየት ለሚቸግረው ደግሞ ዙሪያውን ቀንሶ አናቱን ያሾላል።

አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። በፒአርኬ ኤፒቴሊየሙ ተነሥቶ ሌዘሩ በቀጥታ ላዩ ላይ ይሠራል። በላሲክ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን ውፍረት ያለው ክዳን ተቆርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ሌዘሩ ከሥሩ ሠርቶ ሲጨርስ ክዳኑ ይመለሳል። በስማይል ደግሞ ክዳን ሳይከፈት በውስጥ የተቀረጸ ስስ ምስር መሰል ቁራጭ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። በላሲክ የሚቆረጠው ክዳን ተመልሶ ቢተኛም ጥንካሬውን ለኮርኒያው አያበረክትም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ሒሳቡ። በስክሪኑ የምታዩት መነርሊን እና ባልደረቦቹ በ1988 ያሳተሙት ስሌት ሲቃለል ነው፤ የሚታረመው ክበብ ስፋት በሚሊሜትር፣ በራሱ ተባዝቶ፣ በዳዮፕተሩ ተባዝቶ፣ ለ3 ይካፈላል። ክበቡ 6.5 ሚሊሜትር ቢሆን ለአንድ ዳዮፕተር 14 ማይክሮን ያህል ይሄዳል። አሁን የእኔን ዓይን እንሥራ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ እኔም እንደናንተው ጓጉቼ በተመረመርኩ ጊዜ፣ ቁጥሬ ከዜሮ በታች 6.5 ዳዮፕተር፣ የኮርኒያዬ ውፍረት 490 ማይክሮን ነበር። 6.5 በ14 ሲባዛ 91 ማይክሮን ነው። ላሲክ ቢሆን 110 ማይክሮን ክዳን ይጨመርበታል፤ ድምሩ 201። ከ490 ላይ ስንቀንስ ሥራ ላይ የሚውለው ቀሪ 289 ማይክሮን ይሆናል።

ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ዝቅተኛ ወሰን ተብሎ የተያዘው 250 ማይክሮን ነው፤ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ግን 300 እንዲቀር ይመርጣሉ። በአንደኛው መለኪያ አልፌያለሁ፤ በሁለተኛው ወድቄያለሁ። ሦስተኛ መለኪያም አለ፤ ሳንቲያጎ እና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ የኮርኒያ ካርታቸው ጤናማ በሆኑ ዓይኖች እንኳ ከጠቅላላው ውፍረት 40 በመቶና ከዚያ በላይ ከተነካ ኮርኒያው ቀስ በቀስ የመለጠጥና ወደ ፊት የመሾል አደጋው ይጨምራል። 201 ለ490 ሲካፈል 41 በመቶ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «አንድ በመቶ ብቻ!» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አደጋው በ39 በመቶ ተኝቶ በ41 በመቶ የሚነሣ አውሬ አይደለም። ለዚህም ነው ተስማሚነት ከሰንጠረዥ ላይ የሚነበብ ሳይሆን የሚመዘን ነገር ነው የምለው።

የመረመሩኝ ሐኪም ፒአርኬ ይቻላል አሉኝ። ሒሳቡ ይፈቅዳል፤ ክዳን ስለሌለ 50 ማይክሮን ኤፒቴሊየም እና 91 ማይክሮን ሲቀነስ 349 ማይክሮን ስትሮማ ይቀረኛል። ሆኖም ለከፍተኛ ቁጥር በሚደረግ ፒአርኬ ኮርኒያው ላይ ጉም መሰል ጠባሳ የመፈጠር ዕድሉ ይበልጣል፤ ለአልትራቫዮሌት ጨረር መጋለጥ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ዛሬ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምናው ወቅት ማይቶማይሲን የተባለ መድኃኒት በጥቂቱ በመቀባት አደጋውን ይቀንሱታል፤ ከዚያ በኋላም የፀሐይ መነጽር ያዝዛሉ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ትእዛዝ ለይስሙላ የሚሰጥ አይደለም።

የወሰነልኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ አርባን ተሻግሮ ነበር። ከአርባ በኋላ የዓይናችን የውስጥ ሌንስ እየጠነከረ ቅርብ ማየትን ያሳጣናል፤ የኮርኒያ ሌዘር ይህን እርጅና አያስቆምም። ሩቅ እንዳይ ሙሉ በሙሉ ብታረም ኖሮ የሩቁን መነጽር አውልቄ የንባብ መነጽር መግዛቴ አይቀርም ነበር። አሁን ግን መነጽሬን አውልቄ፣ 15 ሳንቲሜትር ያህል አቅርቤ፣ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ። ባለቤቴ መርፌ ክር ማስገባት ሲያቅታት ለእኔ ነው የምትሰጠኝ። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ የማረም ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ፤ በኮንታክት ሌንስ ሞክሬው ራሴን አዞረኝ። እንግዲህ መነጽር የማደርገው ሌዘሩን ስለምጠራጠር አይደለም፤ የእኔን ዓይን፣ የእኔን ዕድሜና የእኔን ሥራ አንድ ላይ አስቀምጬ ስለመዘንኩ ነው።

እስካሁን ስለ ውፍረት ተናገርኩ። ከውፍረት ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ቅርጽ ነው።

ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ አለ። ኮርኒያው ይሳሳል፣ ይለጠጣል፣ ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ተጀምሮ በሃያዎቹ ይፋጠናል። መጀመሪያ ላይ ሰውየው የሚያየው ምልክት ተራ ነው፤ የመነጽር ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ አስቲግማቲዝም ይጨምራል። ልብ በሉ፤ በመነጽር መሰላቸትና «በሌዘር ልገላገል» ማለት የሚጀመረውም በዚሁ ዕድሜና በዚሁ ምክንያት ነው። ለቀዶ ሕክምናው ከሁሉ ይልቅ የማይሆነው ሰው ለቀዶ ሕክምናው ከሁሉ ይልቅ የሚጓጓው ሰው ሊሆን ይችላል። ላሲክ በዓለም ላይ እየተስፋፋ ሳለ በ1998 ዛይለር እና ባልደረቦቹ ከላሲክ በኋላ ኮርኒያቸው የተለጠጠ ሕሙማንን በጽሑፍ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያልተለመደ የኮርኒያ ካርታ መኖር፣ ወጣትነት፣ የቀሪው ስትሮማ ማነስ፣ የኮርኒያ ስስነትና ከፍተኛ የማዮፒያ ቁጥር አደጋውን እንደሚያመለክቱ ታውቋል፤ ከሁሉም በላይ የሚከብደው የካርታው ነገር ነው።

ስለዚህ ውፍረትን በአንድ ነጥብ ለክቶ «540 ነው፣ ይበቃል» ማለት ምርመራ አይባልም። የኮርኒያው የፊት ገጽ ብቻ ሳይሆን የኋላው ገጽም በቶሞግራፊ መነሣት አለበት፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በኋላው ገጽ ነውና። ካርታው ላይ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይልቅ ሾጥጦ መታየቱ፣ የግራና የቀኝ ዓይን አለመመሳሰል፣ ከሁሉ የሳሳው ነጥብ ከመሃል ወደ ታች መውረዱ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ኤፒቴሊየሙ ደግሞ አታላይ ነው፤ በሾለው ቦታ ላይ ራሱን አሳስቶ፣ በዙሪያው ወፍሮ፣ እንደ ልስን ጉድለቱን ይሸፍናል። በዚህም ምክንያት የኤፒቴሊየሙን ውፍረት ለብቻው መለካት እየተለመደ መጥቷል።

ይህ ለእኛ አገር ለምን ይበልጥ ይመለከታል? ቨርናል የተባለው ሥር የሰደደ የዓይን አለርጂ ሞቃትና ደረቅ የአየር ጠባይ ባላቸው አገሮች በስፋት የሚታይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም የሕፃናት የዓይን ክሊኒኮች የዘወትር እንግዳ ነው። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ያሻል፤ ሲያሽ ይውላል። ዓይንን ዘወትር ማሸት ደግሞ ከኬራቶኮነስ ጋር ከተያያዙት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ሳስተምር፣ የትኛውንም መሣሪያ ከመክፈታችሁ በፊት «በልጅነትህ ዓይንህን ታሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ቢቻል እናቱንም ጠይቁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ውጭ አገር ያለች እህቱ ለሌዘር ቀዶ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ልካለታለች፤ ቀጠሮም ይዟል። «ምክር ሳይሆን ምርቃት ፈልጌ ነው» አለኝ እየሳቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነጽር መቀየሩን ሲነግረኝ ሳቄ ጠፋ። እያወራን ሳለ በጉልበት በጣቱ መገጣጠሚያ ዓይኑን አሸ። ካርታ እንዲነሣ ላክሁት፤ የቀኙ ግልጽ ኬራቶኮነስ፣ የግራው ጅማሬ ነበር። ተቆጣ። በእኔ ላይ ሳይሆን በዕድሉ ላይ ይመስለኛል። የእህቱ ገንዘብ የዋለው በሪቦፍላቪን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮላጅኑን ለሚያጠነክር ሌላ ሕክምና ነው። ይህ ክሮስሊንኪንግ የሚባለው ዘዴ በጀርመን ድሬስደን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዓላማው በሽታው ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው፤ መነጽር አያስጥልም። ያ ተማሪ ዛሬም በጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ያያል፤ ይሠራልም። ቀጠሮውን ጠብቆ ቢሄድና ያየው ባለሙያ ቢቸኩል ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ወደ ቀሪዎቹ ጉዳዮች ፈጠን ብዬ ልለፍ። ቁጥሩ መርጋት አለበት፤ ቢያንስ ባለፈው አንድ ዓመት ከ0.5 ዳዮፕተር በላይ ያልተቀየረ መሆን ይኖርበታል። ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው ቢባልም፣ ሌሊት ከሌሊት ስታነቡ የምታድሩ የሃያ ዓመት ልጆች ቁጥራችሁ ገና ሊጓዝ ስለሚችል እኔ ቆዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። እርጉዝና የምታጠባ እናት ቁጥሯ ስለሚዋዥቅ ትጠብቅ። ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን የሚያደርግ ደግሞ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ማውለቅ አለበት፤ ሌንሱ ኮርኒያውን ስለሚጫነው የሚለካው ቅርጽ የራሱ አይሆንም። ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታ፣ እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስና ሉፐስ ያሉ የመከላከያ ሥርዓት መዛባቶች፣ በኮርኒያ ላይ የወጣ የሄርፒስ ታሪክ፣ ለብጉር የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን ሁሉ ወይ ያስቀራሉ ወይ ያዘገያሉ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ ተናገሩ።

እንባ ግን ችኮላ አይፈቅድም። የላሲክ ክዳን ሲቆረጥ ለኮርኒያው ስሜት የሚሰጡት ጥቃቅን ነርቮች አብረው ይቆረጣሉ፤ እስኪያድጉ ድረስ ወራት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ዓይን እንባ እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ምልክት ይደክማል። ቀድሞውኑ ደረቅ ዓይን ያለው ሰው ከተጨመረበት ይቸገራል። የእንባው ስስ ንጣፍ ዓይን ሳይርገበገብ ከ10 ሰከንድ በታች የሚበጣጠስ ከሆነ መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም። በትራኮማ ጠባሳ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ የተጎዳበት ሰው ደግሞ በተለይ መመርመር አለበት፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከሌላ አገር የመጣ የጥያቄ ቅጽ አይጠይቅም።

ስለ ውጤቱ የምንሰጠው ተስፋም ልክ ይኑረው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሌሎች ጋር ሆኖ ያካሄደውና በ2017 የታተመው ጥናት ሁለት ነገር በአንድ ላይ አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ ከ95 በመቶ በላይ በዕይታቸው ረክተዋል። በሌላ በኩል፣ አስቀድሞ ምንም የዕይታ መረበሽ ካልነበረባቸው መካከል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር አዲስ ምልክት ገጥሟቸዋል፤ የብርሃን ክብ፣ ጮራ፣ ነጸብራቅ ወይም ድርብ ምስል። የዕለት ተግባራቸውን ለመወጣት እጅግ የተቸገሩት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። በጨለማ ብሌኑ እጅግ የሚሰፋና ሌሊት ከአዲስ አበባ ጅማ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ግን በመጪ መኪና መብራት ዙሪያ የሚታየውን ክብ እንደ እኔ እንደ መምህሩ አይመዝነውም።

ሁለት ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ ሁለቱም ከቀዶ ሕክምናው ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ግላኮማ ነው። የዓይን ግፊት የምንለካበት የጎልድማን መሣሪያ የተሠራው የኮርኒያ ውፍረት 520 ማይክሮን አካባቢ ነው በሚል ግምት ነው። በሌዘር የሳሳ ኮርኒያ ላይ ሲለካ ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ያሳያል። አፍሪካዊ የዘር ግንድ ያላቸው ሰዎች ለግላኮማ ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት ኮርኒያቸው በአማካይ 20 ማይክሮን ያህል ስስ ሆኖ ተገኝቷል። በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው ለሌዘር ከመነሣቱ በፊት የዓይን ነርቩ በሚገባ ታይቶ መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው። ሁላችንም ከቆየን ሞራው ይመጣል፤ ሲወጣም ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። የዚያ ሌንስ ኃይል የሚሰላው ከኮርኒያው ጥምዝ ነው፤ ሌዘር የተሠራለት ኮርኒያ ግን የተለመደውን ስሌት ያሳስታል። ብዙ ወገኖቻችን ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ዱባይ ሄደው ተሠርተው ይመለሳሉ፤ በእጃቸው የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን የመነጽር ቁጥር፣ የኮርኒያውን ጥምዝና ውፍረት፣ የተነሣውን ማይክሮን የያዘ ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ከዲግሪያችሁ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡት። ያኔ የሚያክማችሁ ሐኪም ምናልባት ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ነው፤ በመጀመሪያም የሚጠይቃችሁ ያንን ወረቀት ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ ስለ መነጽሬ የሚጠይቅ ካለ ግን ተመልሷል።